ብሩ ለምን ጠቆረ? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ዛሬ የምመልሰው የዕቃ ፎቶና ማክሮ (ጥቃቅን ነገሮችን ከቅርብ አጉልቶ ማንሳት) በትርፍ ጊዜያቸው የሚለማመዱ አንባቢዎች የላኳቸውን ጥያቄዎች ነው። ግማሽ ያህሉ «ምን ካሜራ ልግዛ?» የሚሉ ናቸው። ለሁሉም አንድ መልስ አለኝ፦ አሁን በእጃችሁ ባለው ጀምሩ። ከዚህ በታች ካሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አዲስ ካሜራ የሚፈታቸው አይደሉም።

ከአዳማ፣ የአክስቷን ጌጣጌጥ እያነሳች የምትማር እህት፦ የብር መስቀልና ጉትቻ ሳነሳ ወይ ይጠቁራል፣ ወይ የራሴ ፊት ይታይበታል። ፍላሽ ስጠቀም ደግሞ አንድ የሚያበራ ነጥብ ብቻ ይወጣል። ፖላራይዘር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ) ግዢ ተብያለሁ፤ ልግዛ?

ፖላራይዘሩን ተይው። ከመስታወት፣ ከውሃ፣ ከቅጠልና ቫርኒሽ ከተቀባ እንጨት የሚመጣ ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ከብረት የሚመጣውን ግን እምብዛም አይነካውም።

የተወለወለ ብር መስታወት ነው። ፎቶው ላይ የምታዪው ከብሩ ፊት ያለውን ነገር ነው፤ ከፊቱ ጨለማ ክፍል ካለ ጨለማውን፣ አንቺ ካለሽ አንቺን። የጠቆረው የሚያሳየው ብሩህ ነገር ስላጣ ነው። የስልክ ፍላሽ ከምስር ፍሬ ብዙ አይበልጥም፤ ብሩ ላይ የምትወጣውም ያችው ምስር ናት። የቀረው ገጽ አሁንም ጨለማውን እያየ ነው። መብራት በጨመርሽ ቁጥር ነጥቡ ይብሳል እንጂ መስቀሉ አይነጣም።

ስለዚህ መስቀሉ የሚያየው ትልቅ ነጭ ነገር ስጪው። የት እንደሚቀመጥ በግምት አይታወቅም። ስልክሽን መቆሚያው ላይ አስተካክለሽ አስቀምጪ፤ አክስትሽ ነጭ ካርቶን ይዘው በመስቀሉ ዙሪያ ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ አንቺ ስክሪኑን ብቻ ተመልከቺ። ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ መስቀሉ ከጥቁር ወደ ነጭ በአንዴ የሚገለበጥበት ቦታ ታገኛላችሁ። ካርቶኑን እዚያው አስደግፊና መብራትሽን ወደ ካርቶኑ አዙሪ፤ መስቀሉን ተይው፣ እሱ ከካርቶኑ ይቀበላል። ቀን ከሆነ በነጠላ የተጋረደ መስኮት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ያቆማል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከዳር እስከ ዳር የነጣ ብር ከወረቀት የተቆረጠ ይመስላል። ብርነቱ የሚታወቀው ነጭና ጥቁር ጎን ለጎን ሲያርፉበት ነው። ሁለት ጣት የሚሰፋ ጥቁር ወረቀት ቆርጠሽ ከካርቶኑ ጠርዝ አጠገብ አቁሚ፤ በመስቀሉ ዳር ላይ ጥቁር መስመር ሲወጣና ቅርጹ ብድግ ሲል ታያለሽ። ከዚያ ወረቀቱን ትንሽ አርቂው፣ ትንሽ አቅርቢው፤ መስመሩ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ይጠፋል። አንድ ከሰዓት በኋላ በዚህ ብቻ ብታሳልፊ አይቆጭሽም።

ፊትሽ እንዳይታይ፦ ስልክሽ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት እጥፍ ሌንስ ካለው ራቅ ብለሽ በእሱ አንሺ። ከሌለው ነጩ ካርቶን መሐል የሌንሱን ያህል ቀዳዳ ቅደጂና በዚያ አሾልቀሽ አንሺ።

አንድ ነገር ልጨምር። መስቀሉ የተጠላለፈ ሐረግ የተቀረጸበት ከሆነ በስንጥቆቹ ውስጥ ያለውን ጥቁረት ለፎቶ ብለሽ አታጥፊው። ብሩ ድኝ ካለበት አየር ጋር በጊዜ ብዛት ተዋሕዶ የፈጠረው ነው፤ ንድፉን የሚያሳየውም እሱ ነው። የቆየና የተወረሰ ከሆነ ደግሞ ሎሚም፣ አመድም፣ የጥርስ ሳሙናም ሳይነካው በፊት ሥራውን የሚያውቅ አንጥረኛ ይየው። ይህን ለወግ ያህል አይደለም የምልሽ፤ ተፍቆ የሄደ ብር ተመልሶ አይመጣም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ የሐበሻ ቀሚስ ሳነሳ ነጩ አመድ፣ ቀዩ ጥለት ብርቱካን ይሆንብኛል። በአፕ አድምቄ ብልክ ነውር አለው?

ሁለት ችግር ነው ያለብዎት። አመዱ የመጣው ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር ነው፤ ስክሪኑ በነጭ ሲሞላ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ቀሚሱ ላይ ይንኩና ብርሃኑን አንድ ስቶፕ ያህል (በእጥፍ) ከፍ ያድርጉት። ብርቱካኑ ደግሞ መስኮቱም አምፖሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያበሩ ነው። የቀን ብርሃን 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ብርቱካን ያደላል) ገደማ፣ ሞቅ ያለው የሳሎን አምፖል 2700 ገደማ ነው፤ ካሜራው አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ይበላሽበታል። አምፖሉን ያጥፉ። ማታ ካላነሳሁ ካሉ ማሸጊያው ላይ ሲአርአይ (አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካ ቁጥር) ከ90 በላይ የሚል ኤልኢዲ ይፈልጉ፤ ርካሾቹ ጠቆር ያለ ቀይ ላይ ደካማ ናቸው።

ስለ አፑ፦ የቀረውን የቀለም ስሕተት ማረም ነውር የለውም፤ ማድመቅ ግን አለው። ሸማኔው ያንን ቀይ ክር መርጦ ነው የሸመነው። ቀሚሱን የምትቀበለው ሴት ደግሞ በር ላይ ወጥታ በፀሐይ ታየዋለች፤ ፎቶዎና ጨርቁ ከተለያዩ የምታምነው ጨርቁን ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ አደይ አበባን በማክሮ ሌንስ ሳነሳ መሐሉ ጥርት ብሎ ዳሩ ይደበዝዛል። ሁሉም ጥርት እንዲል የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ አጥብቤ ኤፍ 22 ላይ ባደርገው ጭራሽ ሁሉም ደበዘዘ። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?

ሌንሱ ደህና ነው። በማክሮ አንድ ለአንድ ስታነሳ፣ ማለትም ነገሩ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ በራሱ መጠን ሲያርፍ፣ ኤፍ 8 ላይ የሚጠራው ውፍረት በፉልፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቀዳዳውን ስታጠብ ይህ ይጨምራል፤ ግን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናልና ምስሉ ይለሰልሳል። በዚያ ላይ አንድ ለአንድ ስትደርስ ቀዳዳው በተግባር በእጥፍ የጠበበ ያህል ነው፤ ኤፍ 22 ያልከው ኤፍ 44 ሆኖ ነው የሚሠራው። ኤፍ 8 ወይም 11 ላይ ተመለስ፤ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርገህ ፎከሱን ከፊት ወደ ኋላ በጥቂት በጥቂቱ እያሳለፍክ ብዙ ፎቶ አንሳና በኮምፒውተር አዋሕዳቸው። ስታክ ማድረግ የሚሉት ይህን ነው።

ነፋስ ካለ ግን ስታኩን እርሳው። ግንዱን በልብስ መቆንጠጫ ከአንድ እንጨት ጋር አስይዝ፤ አበባውን ግን አትቁረጥ። ደግሞ መሐሉ ላይ ጊዜ ስጥ፦ አደይ ከሩቅ አንድ አበባ ትመስላለች እንጂ የብዙ አበቦች ስብስብ ናት። መሐሏ ላይ ያሉት ቢጫ ነጥቦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ብናኝ ያላቸው አበቦች ናቸው፤ ከውጪው ክብ ጀምረው ወደ ውስጥ በተራ ይከፈታሉ። ዛሬ አንስተህ ከሁለት ቀን በኋላ ብትመለስ የተከፈተው ክብ ወደ ውስጥ ገብቶ ታገኘዋለህ።

ከባሕር ዳር፦ እኩለ ቀን ላይ ሳነሳ ሁሉም ነገር ይቃጠላል።

እኩለ ቀን ላይ አታንሳ። ማንሳት ግድ ከሆነ ነጠላ ዘርጋበት። ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው ራሱ ከማንኛውም ሶፍትቦክስ (ብርሃንን የሚያለሰልስ የመብራት መሸፈኛ) ይሻላል፤ ዝናቡ እስኪመጣ ተጠቀምበት።

አንድ ወጣት፦ ፌንጣ አልቆምልህ አለኝ። ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ካስቀመጡት ይፈዛል ይባላል፤ ልሞክረው?

አትሞክረው። ፎቶው ምን ቢያምር የሚታየው የፈዘዘ ፌንጣ ነው፤ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠበት ሁኔታ ራሱ ያሳብቃል። ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ነው፤ ደጋ ላይ ሌሊቱ ራሱ ያቀዘቅዝልሃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ተኩል ድረስ ሣር ላይ ተንበርከክ፤ ጤዛ እንደለበሱ፣ ክንፋቸውን ማንሳት አቅቷቸው ታገኛቸዋለህ። ጥላህን አትጣልባቸው፣ የያዙትን ሣር አትንካ፣ ፎከሱን ዓይናቸው ላይ አድርግ። መስኮት ሥር ሞቶ የተገኘ ዝንብ ካለ ደግሞ ለስታክ ልምምድ የሚሆን ትዕግሥተኛ ሞዴል ነው።

ጽሑፍህ ላይ ቀጥሎ ወደ አጎትህ ቀፎ እንደምትሄድ ጠቅሰሃል። ከዚህ በፊት ንብ ነድፋህ ፊትህ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ፣ ሐኪም ሳያይህ ወደዚያ ድርሽ እንዳትል።

ከሪያድ፦ ማክሮ ሌንስ ውድ ነው። ከካሜራዬ ጋር የመጣችው 18–55 ሚሊሜትር ሌንስ ተገልብጣ ትሠራለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሪቨርስ ሪንግ የሚባል ርካሽ ቀለበት ከፊቷ አስረህ ገልብጠህ ትገጥማታለህ። 18 ላይ ስትሆን ከ55 ይልቅ አብልጣ ታጎላለች፤ እንደለመድከው አይደለም። ሦስት ነገር ትከፍላለህ፦ አውቶፎከስ አይኖርም፣ ከነገሩ በጥቂት ሳንቲሜትር ርቀት ላይ መጠጋት አለብህ፣ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ ስለማትገናኝ ቀዳዳውን ማስተካከል ያስቸግራል። የቀዳዳ ቀለበት ያላት የድሮ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ካገኘህ የመጨረሻው ችግር ይቀርልሃል። ሌላው መንገድ ኤክስቴንሽን ቱዩብ ነው፤ ውስጡ መስታወት የሌለው ባዶ ቱቦ ነው። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ 50 ሚሊሜትር ቱቦ ስትጨምር አንድ ለአንድ ትደርሳለህ።

ስሙን ያልጻፈ፦ አሮጌ ፍላሽ ተበላሽቶብኝ ልከፍተው ነው። ባትሪውን አውጥቻለሁ፤ ሌላ መጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ?

አትክፈተው። ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) 300 ቮልት አካባቢ ይይዛል፤ ባትሪው ከወጣ በኋላም ቻርጁ ሊቆይ ይችላል። እንዴት እንደሚፈሰስ ቪዲዮ አይቻለሁ የምትል ከሆነ መልሴ ያው ነው። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ውሰደው፤ እሱም «ፍላሽ ሠርቼ አላውቅም» ካለህ ተቀበለውና ወደ ሌላ ሂድ። ሊጠገን ካልቻለ ደግሞ ይቅር፤ መስኮት አለህ።

ከጅማ፦ ሌንሴ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ወጣ።

ፈንገስ ነው፤ እርጥበት ያመጣዋል። ባለሙያ ይየው፤ ርካሽ ሌንስ ለማጽዳት የሚከፈለው ግን ከሌንሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የቀሩትን ሌንሶች አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ከሚመጥ ፍሬ) ጋር ያስቀምጡ። የቆዳ ቦርሳ ውስጥ አይሁን።

አንዲት እናት፦ ከስኒው የሚወጣው የቡና እንፋሎት ፎቶ ላይ አይታይም። ልጄ ከኋላ ዕጣን አጭሺ ትለኛለች።

እንፋሎት የሚታየው ከበስተጀርባው ጨለማ፣ ብርሃኑ ደግሞ ከኋላ በጎን ሲመጣ ነው። ረከቦቱን መስኮቱን ፊት ለፊት እንዲያይ ሳይሆን መስኮቱ ከኋላ በስተግራ እንዲሆን ያዙሩት፤ ከስኒው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ይስቀሉ። ዕጣኑን ለቡናው ያጭሱት፤ ፎቶው ላይ ግን ልጅዎ አያታልልዎት፣ የዕጣን ጢስ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ እንፋሎት ነጭ ነው፣ ልዩነቱ ይታወቃል። አቦል ላይ ይፍጠኑ፤ በረካ ላይ ሲደርሱ ይበርዳል።

ከአዲስ አበባ፣ አንድ አባወራ፦ የምግብ ጠረጴዛውን ስቱዲዮ ካደረግኩት ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። የዕቃ ፎቶ ለማንሳት ስንት ካሬ ቦታ ያስፈልጋል?

ጠረጴዛውን ዛሬውኑ ይመልሱ። ለጉትቻና ለስኒ 60 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ መስኮት ሥር ሁለት ወንበር ላይ ቢያስቀምጡ ይበቃል፤ ሲጨርሱ አልጋ ሥር ይገባል።