ስልክን ለሊኑክስ ላፕቶፕ ሞደም ማድረግ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቹ

ስለ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሥርዓት ነው) ያሻችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ስልክን እንደ ሞደም ስለመጠቀም፣ ማለትም የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ስለማካፈል ሆነ። እንግዲህ በተራ እንሂድ።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩ፣ ዋይፋዩ ግን የለም። ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አውርድ ይለኛል። ያለ ኢንተርኔት በምን ላውርድ?

መልስ፦ ብሮድኮም የዋይፋይ ካርድ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ የቆየ ጣጣ ነው። ስልክህን በዩኤስቢ ኬብል ሰካው። ከስልኩ ሴቲንግ ሆትስፖት ያለበት ገብተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን (በኬብል ኢንተርኔት ማካፈያውን) አብራ። በቃ። ሊኑክስ ስልኩን የሚያየው እንደ ኔትወርክ ካርድ ነው፤ ድራይቨሩም የሊኑክስ እምብርት በሆነው በከርነሉ ውስጥ አለ። የዋይፋይ ምልክት ግን አትጠብቅ፣ የሚመጣው ባለ ገመድ ግንኙነት ሆኖ ነው። ከዚያ ተጨማሪ ድራይቨሮች የሚለውን ከፍተህ የዋይፋዩን ጫን። አንድሮይድ ስልክህ ራሱ ዋይፋይ ላይ ካለ ያንኑ በኬብሉ ያሳልፍልሃል፣ የሞባይል ዳታህ አይነካም።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ የቴዘሪንግ ማብሪያው ደብዝዟል፣ ብነካውም አይሰማም።

መልስ፦ ኬብሉን ጠርጥሪ፣ እህቴ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ገበያውን ሞልቶታል፤ የዳታ ሽቦ የለውም። ስልኩ ቻርጅ ማድረጉ አይሸውድሽ። በዚያ ኬብል ፎቶ ወደ ላፕቶፑ ማለፍ ካልቻለ ኢንተርኔትም አያልፍም።

ጥያቄ፦ ኬብሉን በነቀልኩ ቁጥር ቴዘሪንግን እንደገና ማብራት ሰለቸኝ።

መልስ፦ ስለ ስልኩ የሚለው ውስጥ ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ ንካ፤ የዴቨሎፐር አማራጮች ይከፈታሉ። እዚያ ነባሪ የዩኤስቢ አሠራር የሚል ካገኘህ ቴዘሪንግ ላይ አድርገው።

ጥያቄ፦ አይፎንስ?

መልስ፦ ይሠራል። ፐርሰናል ሆትስፖትን አብራ፣ ስልኩን ከፍተህ ሰካ፣ ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ ሲልህ እሺ በለው። እምቢ ካለ ዩኤስቢመክስዲ የሚባለው ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ መጫኑን እይ።

ጥያቄ፦ ወንድም፣ ላፕቶፑን ስከፍት ፓኬጄ እልም ይላል። ምንም ሳላወርድ!

መልስ፦ አንተ ባታወርድ እሱ ያወርዳል። ላፕቶፑ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ግባና ከግንኙነቱ ጎን ያለችውን የማርሽ ጥርስ ምልክት ንካ። የዳታ ገደብ ያለው መስመር መሆኑን የሚገልጽ ሳጥን አለ፣ ምልክት አድርግበት። የሊኑክሱን ግንኙነት የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር አንዳንዴ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር መገናኘቱን ራሱ ይገምታል፤ እኔ ግን በግምት ፓኬጅ አላስበላም። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ስናፕ አለልህ፣ ፕሮግራሞችን የሚጭንና በራሱ የሚያዘምን፤ ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ብራውዘሩ ፋየርፎክስ ራሱ ስናፕ ነው። ስናፕ በነባሪው ያንን ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ snap refresh --hold ብለህ ጻፍ፤ አንተ እስክትፈታው ድረስ በራሱ ማዘመኑን ያቆማል። በሳምንት አንድ ቀን ደህና ዋይፋይ ስታገኝ ራስህ አዘምን፤ ጭራሽ መተው አይመከርም። የቪዲዮውንም ጥራት ወደ 360p ዝቅ አድርገው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት። ዳታዬ ያልተገደበ ነው ተብዬ ላፕቶፑ ላይ ኤሊ ሆነብኝ።

መልስ፦ ሊኑክስን አትውቀሺው። እዚያ ብዙ ፕላኖች ለሆትስፖት የተለየ ኮታ አላቸው፤ ሲያልቅ ፍጥነቱን ያወርዱታል። ውልሽን አንብቢ።

ጥያቄ፦ ኬብል፣ ሆትስፖት ወይስ ብሉቱዝ?

መልስ፦ ኬብል። ሆትስፖት የስልኩን ባትሪ ይጨርሳል፣ ስልኩም ይግላል። ብሉቱዝ ቢበዛ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ ለኢሜይል ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ግን ልብ በሉ፦ በኬብል ስልኩ የሚሞላው ከላፕቶፑ ባትሪ ነው።