ያያችሁትን ጻፉ፣ ስሙን ለኋላ አቆዩት

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን እንስሳትን በመመልከት ያሳለፍኩ የሥነ እንስሳት ባለሙያ መሆኔን የምታውቁ የጎንደር ወጣቶች፣ ፒያሳ ላይ ስታገኙኝም ሆነ ቤቴ ለቡና ስትመጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ የሰውን ጠባይ እንዴት ነው የሚያውቁት?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ከኋላው አንድ ቁስል አለው፤ ጓደኛ ከድቷል፣ ፍቅረኛ ዝም ብላለች፣ ወይም ለሥራ የፈተናችሁ ሰው ፊቱን አጥቁሮ አሰናብቷችኋል። እጁን ያጣመረ ሰው እንዲህ ነው፣ ዓይኑን የሰበረ እንዲያ ነው የሚል አቋራጭ ምልክት እንድሰጣችሁ እንደምትፈልጉ ይገባኛል። እንዲህ ያለ ምልክት ግን የለኝም። ያለኝ ከጭላዳ ዝንጀሮዎች አጠገብ ተቀምጬ የተማርኩት አንድ ልማድ ነው፤ እሱም ያዩትን ነገር ስም ሳያወጡለት ጥቂት ማቆየት ነው።

ከጎንደር ተነሥታችሁ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደባርቅ ስትደርሱ፣ ከዚያም ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስትገቡ ሳንካበር አካባቢ ጭላዳዎቹን በመንጋ ሣር ሲነጩ ታገኟቸዋላችሁ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖር ጭላዳ ብቻ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣና አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ስለሚግጥ፣ ትዕግሥት ላለው ተመልካች እንደ እሱ የሚመች እንስሳ አላየሁም። እዚያ ሳለን አንድ ወንድ ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ሮዝ ድዱንና ጥርሱን ያሳየ እንደሆነ፣ ጎብኚዎች «ሳቀ! ሳቀ!» እያሉ መልሰው ይስቁለታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ደብተሬ ላይ «ሳቀ» ብዬ ጽፌ ነበር። ያ ግን ሳቅ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ እንስሳው ሲሰጋ ወይም የሌላውን ቁጣ ሊያበርድ ሲፈልግ የሚያሳየው ነው። ማስፈራራት ሲፈልግ ደግሞ ቅንድቡን ወደ ኋላ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይን ቆቡን ያሳያል። አንዲት የተሳሳተች ቃል ደብተሬ ውስጥ በመግባቷ ከእሷ በኋላ የጻፍኳቸው ገጾች ሁሉ ተበላሹ፤ «የሳቀ» እንስሳ ወዲያው ሲሸሽ ባየሁ ቁጥር ለሽሽቱ ሌላ የሌለ ምክንያት እየፈጠርኩ እሄድ ነበርና።

ስለዚህ የደብተሬን ገጽ በመስመር ለሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል ዓይኔ ያየውንና ጆሮዬ የሰማውን ብቻ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የመሰለኝን እጽፋለሁ፤ ቀኙ ለቀናት ባዶ ቢቆይም አልጨነቅም። ይህን ለሰው ስታውሉት አስቸጋሪነቱ ይታያችኋል። «ናቀኝ» የሚለው ቃል የቀኝ ነው። የግራው «ሰላምታዬን አልመለሰም፣ ስልኩን እያየ አለፈ፣ ፍጥነቱን አልቀነሰም» የሚለው ነው። የግራውን ብቻ አንድ ሳምንት ስትጽፉ ከቆያችሁ በኋላ «ናቀኝ» ለማለት የሚያበቃችሁ ነገር ስንት ጊዜ እንደምታጡ ራሳችሁ ፍረዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሰው ላይ ቸኩሎ የወደቀ ስም ግን ሁልጊዜ ተለቅሞ አያልቅም።

ሁለተኛው ነገር ዓይናችን ወደሚጮኸው የሚሮጥ መሆኑ ነው። የጭላዳ ማኅበር መሠረቱ አንድ አውራ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው ያሉበት ቤተሰብ ነው፤ ሚስት የሌላቸው ጎረምሶች ለብቻቸው ተቧድነው ይዞራሉ፣ ጊዜ ሲያገኙም አውራውን ሊያባርሩ ይመጣሉ። ግርግሩ፣ ጩኸቱ፣ ክራንቻው ሁሉ የወንዶቹ ስለሆነ እኔም ለወራት የመዘገብኩት ጠበኞቹን ብቻ ነበር። ቤተሰቡን አንድ አድርገው የያዙት ግን በዝምታ አንዷ የሌላዋን ፀጉር እየገለጠች የምታጸዳላት፣ እርስ በርስ የሥጋ ዘመድ የሆኑት ሴቶች ናቸው። አውራ ይለወጣል፤ እነሱ ይቆያሉ። ይህን ስህተት የሚያርመውን ዘዴ ጂን አልትማን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ባወጡት ጽሑፍ በግልጽ አስቀምጠውታል። አስቀድማችሁ አንድ እንስሳ ትመርጣላችሁ፣ ለተወሰነ ደቂቃ ዓይናችሁን ከእሱ ላይ ሳታነሱ የሚያደርገውን ሁሉ ትመዘግባላችሁ፣ ምንም ባያደርግም «ምንም አላደረገም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በጎንደር መናኸሪያ ይህን ሞክሩት። ረዳቱ «ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር!» እያለ ሲጮህ እሱን ተዉትና ዕቃዋን ይዛ ጥግ የቆመችውን አንዲት ተሳፋሪ ለአሥር ደቂቃ ብቻ በጨዋነት ልብ በሏት፤ ከየትኛው መኪና እንደሸሸች፣ ማንን አምና ዋጋ እንደጠየቀች ስታዩ ስለ መናኸሪያው ከጩኸቱ ያልሰማችሁትን ትረዳላችሁ።

ተመልካቹ ራሱም የሚታየው ነገር አካል መሆኑን አትርሱ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ «ብልሁ ሃንስ» የሚባል፣ የሒሳብ ጥያቄ ሲቀርብለት መሬቱን በኮቴው እየመታ መልስ ይሰጣል የተባለ ፈረስ ነበር። ኦስካር ፉንግስት የተባለው ተመራማሪ ነገሩን መርምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ያሳወቀው ውጤት፣ ጠያቂው መልሱን በማያውቅበት ጊዜ ፈረሱም እንደማያውቅ ነበር። ፈረሱ ይከታተል የነበረው ቁጥር ሳይሆን ትክክለኛው ምት ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው የሚያሳየውን ጥቃቅን የጭንቅላት እንቅስቃሴ ነው። በፊታችሁ የቆመ ሰው ቢርበተበት፣ ያርበተበተው የእናንተ ፊት ሊሆን እንደሚችል አስቡ። እኔ ክፍል ስገባ ዝም የሚለውን ተማሪ «ዝምተኛ» ብዬ ብመዘግበው፣ የመዘገብኩት ሽበቴ ያመጣውን ዝምታ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። ከእናንተ መካከል ወንዶቹ በስልካችሁ ስለ «አልፋ ወንድ»፣ ማለትም ሌላውን ሁሉ በጉልበት ስለሚገዛ የበላይ ወንድ የሚሰብኩ ቪዲዮዎችን እንደምታዩ አውቃለሁ፤ «የእንስሳት ሕግ ነው» እያሉ እህታችሁን እንድትጫኑ፣ ጓደኛችሁን እንድታዋርዱ ያስተምሯችኋል። በሙያዬ ስም ይህን ስሰማ ያመኛል። ይህ አስተሳሰብ በአብዛኛው የመጣው ከተለያየ ቦታ ተሰብስበው በአንድ ግቢ የታጎሩ ተኩላዎችን በማየት ከተጻፈ ጥናት ነው። ሐሳቡን በሰፊው ካሰራጩት አንዱ የሆኑት ዴቪድ ሚች በዱር ያሉትን ተኩላዎች ለዓመታት ከተከታተሉ በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የቀድሞ አገላለጻቸውን አርመዋል፤ መንጋው በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ያሉበት ቤተሰብ መሆኑን፣ «አልፋ» ይባል የነበረውም ወላጅ መሆኑን ጽፈዋል። አንድ ሊቅ የራሱን ቃል ሲያርም ማየት እንዴት ደስ ይላል! ደግሞም የተኩላው ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ እንስሳ የሚያደርገው ሰው ሊያደርገው ለሚገባው ፈቃድ አይሆንም።

ሰውን ከጭላዳ የሚለየው ለእኛ ለተመልካቾች ትልቁ ነገር ሰውን መጠየቅ መቻሉ ነው። ጭላዳውን ለምን ከንፈርህን ገለበጥክ ብዬ ብጠይቀው አይመልስልኝም፤ ስለዚህ ዓመታት ቆጥሬ ልመረምር እገደዳለሁ። ሰው ግን ይመልሳል። ሰው ሳያውቅ በስልክ መቅረጽና መሳለቂያ ማድረግ መመልከት አይባልም፤ እንስሳውን እንኳ የምንቀርበው እስኪለምደን ሳምንታት ጠብቀን ነው።

እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ሰፈራችን እሑድ እሑድ ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። አንዲት ጎረቤታችን አቦሉን ጠጥተው፣ ቶናው እንደተቀዳ ነጠላቸውን አስተካክለው ይወጣሉ፤ በረካ ደርሰው አያውቁም። በአራት እሑዶች አራቱንም ጊዜ የወጡት ሌላዋ ጎረቤት ገብተው ከጎናቸው ከተቀመጡ በኋላ ነበር። እኔም በቀኝ በኩል «ተጣልተዋል፤ ቦታ ይለቁላቸዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ይባስ ብዬ ለሽማግሌ የሚሆን ሰው ማሰብ ጀመርኩ። አምስተኛው እሑድ ላይ ተከትዬ ወጥቼ፣ «እትዬ፣ ያስቀየምንዎት ነገር አለ ወይ?» አልኳቸው። አረብ አገር ያለች ልጃቸው ከአሠሪዎቿ ቤት እሑድ በዚያ ሰዓት ብቻ እንደምትደውል፣ ቡናው ቤት ግን ኔትወርክ ስለማይገባ ከጉብታው ላይ ወጥተው እንደሚጠብቋት ነገሩኝ። ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ ከቅዳሴ መልስ የሚገቡት በዚያው ሰዓት ሆኖ ነው።

አሁን እሑድ እሑድ ጀበናው ቀደም ብሎ ይጣዳል፤ በረካውን ጠጥተው ነው ወደ ጉብታው የሚወጡት።