በእናቴ ደም ውስጥ «የቆዳ ባክቴሪያ» ተገኘ፤ መድኃኒቱ ለምን ቆመ?

ጥያቄ፦ እናቴ ትኩሳት ይዟቸው እዚሁ ጎንደር ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ከሁለቱም ክንዳቸው ደም ተወስዶ ካልቸር (በናሙናው ውስጥ ባክቴሪያ ካለ እንዲያድግ ተደርጎ የሚታይበት ምርመራ) ሲሠራ በአንደኛው ብቻ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የተባለ ባክቴሪያ አደገ። ሐኪሙ ግን «ከቆዳ የመጣ ነው» ብለው አንቲባዮቲኩን አቆሙ። አሁን ትኩሳቱ ለቋቸዋል፤ ሆኖም ዘመድ ሁሉ መድኃኒቱን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አስጨርሷቸው እያለ ይጎተጉተናል። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ «ደም ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ» ሲባል ሰምቶ የማይደነግጥ ልጅ የለም። ይሁንና ከጻፉልኝ እንደምረዳው የሐኪሙ ውሳኔ ተገቢ ነውና እባክዎ መድኃኒቱን አይግዙ።

ይህ ባክቴሪያ በጤናማ ሰው ሁሉ ቆዳ ላይ፣ በተለይም በብብት፣ በብሽሽትና በአፍንጫ ውስጠኛ ስስ ሽፋን ላይ ይኖራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮዘንባክ እ.ኤ.አ. በ1884 ነጭ ሆኖ የሚያድገውን ይህን ዓይነት ወርቃማ ቀለም ካለው ዘመዱ፣ ከስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ለይቶታል። ዛሬ ላቦራቶሪ ሁለቱን የሚለያቸው በዋናነት በኮአጉሌዝ ምርመራ ነው፤ ኦሪየስ ፕላዝማን (የደምን ፈሳሽ ክፍል) ሲያረጋ ኤፒደርሚዲስ አያረጋም። ኦሪየስ ቢሆን ኖሮ በአንዱ ናሙና ብቻ እንኳ ቢያድግ ሐኪምዎ ችላ አይሉትም ነበር።

ቆዳ በአልኮል በደንብ ቢጠረግም ባክቴሪያው በፀጉር ሥር ጭምር ስለሚኖር ጨርሶ አይጠፋም፤ መርፌው ሲገባ ጥቂቱን ይዞ ወደ ናሙናው ጠርሙስ ሊያስገባው ይችላል። ደም ከሁለት ቦታ የሚወሰድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ባክቴሪያው በእርግጥ በደም ውስጥ እየተዘዋወረ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም የመታየት ዕድሉ ሰፊ ነበር።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ። እናትዎ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ፣ የተተካ መገጣጠሚያ ወይም የኩላሊት እጥበት ካቴተር (በደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቱቦ) አላቸው? ኤፒደርሚዲስ በፕላስቲክና በብረት ላይ ተጣብቆ፣ መድኃኒትንም የሰውነትን መከላከያም የሚያግድ የሚያዳልጥ ሽፋን አበጅቶ ይባዛል፤ ቆዳ ላይ ጉዳት የሌለው ፍጥረት አደገኛ የሚሆነውም በአብዛኛው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካላቸውና ለሐኪሙ ካልተነገረ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሄደው ይንገሩ።

ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ፔኒሲሊንንና መሰል መድኃኒቶችን የሚቋቋም በመሆኑ፣ በግምት የተገዛ ክኒን ለእናትዎ ሳይጠቅም የሚቋቋሙትን ተሕዋስያን ብቻ ያበዛል። ትኩሳቱ ወይም ብርድ ብርድ ማለቱ ከተመለሰባቸው በቤት ውስጥ ምንም አንቲባዮቲክ ሳይወስዱ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ቀድሞ የተወሰደ መድኃኒት የካልቸሩን ውጤት ያዛባል።