ቴስቲንግን ከመጨመርህ በፊት ቁጥር ስጠው

ወንድሜ፣ «ዴቢያን 13 ላይ ነኝ፤ አዲሱን ኬደንላይቭ ብቻ ስለምፈልግ ቴስቲንግን ሶርስ ሊስት ላይ ብጨምር ሌላው እንዳለ ይቆይልኛል?» ብለሃል። ዝም ብለህ ከጨመርከው አይቆይልህም። ለማያውቀው፦ ዴቢያን የሊኑክስ ሲስተም ነው፣ ኬደንላይቭ የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም፣ ስቴብል የተረጋጋው እትም፣ ቴስቲንግ ገና እየተፈተነ ያለው ቀጣዩ እትም፣ ሶርስ ሊስት ደግሞ ፕሮግራሞች ከየት እንደሚወርዱ የሚጻፍበት ፋይል።

ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ኤዲተር ነበርኩ። ማሽኑ ዴቢያን 12፣ ኬደንላይቩ 22.12 ነው። እንዳንተ አንዲት መስመር ጨመርኩና አፕዴት፣ አፕግሬድ አልኩ። ዝርዝሩ ስክሪኑን ሞልቶ ሲወርድ ሳላነብ «Y» (አዎ) ብዬ ኢንተር መታሁ። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ላይ ተሰክቶ የነበረው የጋሼ የካሜራ ባትሪ ቻርጀር ነው! ሲመለስ ዴስክቶፕ የለም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ሎግኢን ይጠይቀኛል። «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» እያልኩ በግማሽ የተጫነውን ለማስጨረስ ስታገል ነጋ፤ ሙሽራው ሚዜውን አስከትሎ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካልነገርከው በቀር አፕት (ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያድሰው) ለስቴብልም ለቴስቲንግም እኩል 500 የቅድሚያ ቁጥር ነው የሚሰጠው። እኩል ሲሆኑ ከፍ ያለው ቨርዥን ያሸንፋል፣ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቴስቲንግ ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ፈልገህ ሲስተሙን በሙሉ ታዛውራለህ።

መስመሩን ከመጨመርህ በፊት የአፕት ፕሪፈረንስስ ፋይል ውስጥ ለቴስቲንግ ፒን-ፕራዮሪቲ (የቅድሚያ ቁጥሩን) 100 ስጠው። ያኔ ካልጠየቅከው አይመጣም፤ ከሱ የጫንከው ብቻ ከሱ ይታደሳል። «አፕት ፖሊሲ ኬደንላይቭ» ብለህ ቁጥሮቹን በዓይንህ እይ። ከዚያ በ«-ኤስ» ሞክረው፤ ሳይጭን ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያሳይሃል። ዝርዝሩ ውስጥ ሊብሲ6 (የሲስተሙ መሠረታዊ ላይብረሪ) ካየህ እኔ ብሆን እተወዋለሁ፣ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው የቆመው። «-ቲ ቴስቲንግ» ጥገኛ ፓኬጆቹንም ከዚያው ይስባል፣ ከስሙ ቀጥሎ «/ቴስቲንግ» ማለት ግን በዋናነት ያንኑ አንዱን ነው።

ሶርስ ሊስት ላይ ደግሞ «ስቴብል» ሳይሆን «ትሪክሲ» (የዴቢያን 13 መጠሪያ) ብለህ ጻፍ። «ስቴብል» ብለው የተዉት ሰዎች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2025 ትሪክሲ ሲወጣ ሳያስቡት ከ12 ወደ 13 መንገድ ጀመሩ።

የኔን ምርጫ ካልክ፣ መጀመሪያ ባክፖርትስ (አዳዲስ ቨርዥኖች የሚቀመጡበት የዴቢያን ማከማቻ) ውስጥ ፈልግ። እሱ ምንም ሳትነካው 100 ነው፣ ለስቴብል ተብሎም የተሠራ ነው። ከሌለ ፍላትፓክ (ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ለብቻው የሚጭን)፤ ዲስክ ይበላል እንጂ ሲስተሙን አይነካም፣ እኔም አሁን የምሠራው በሱ ነው። ቴስቲንግ መጨረሻ። የሴኩሪቲ ማስተካከያም እዚያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ቀናት ዘግይቶ ነው።

«ካልሆነ እመልሰዋለሁ» እንዳትል። አፕት በራሱ ወደ ኋላ አይመልስም፣ ዴቢያንም አይደግፈውም። እኔ በሌላ ላፕቶፕ ላይ 22.12ን አገኘሁ፤ ግን የሠርጉን ፕሮጀክት በአዲሱ ሴቭ አድርጌው ስለነበር አልከፍት አለኝ። ፕሮጀክቶችህን በአዲሱ ከመክፈትህ በፊት ኮፒ አድርጋቸው።