የናፍጣ ጋራዥ ልክፈት ወይ ለምትሉኝ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ከሙያ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ልጅ ደብረ ብርሃን ቤቴ መጣ። ጋቢዬን ተከናንቤ ደጅ ላይ ፀሐይ ስሞቅ አገኘኝ። "ጋሼ፣ የናፍጣ ነገር አብቅቶለታል ይላሉ። አጎቴ ደግሞ ገንዘብ ላበድርህና ጋራዥ ክፈት ይለኛል። ምን ይሻለኛል?" አለኝ። "አትበደር" ብዬ ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ምክንያቱን ሳልነግረው መቅረቴ ቆጨኝ። ሌሎቻችሁም የምትጠይቁኝ ይህንኑ ስለሆነ ተረጋግቼ ልጻፈው።

እኔ ጋራዥ የገባሁት በ1966 ዓ.ም. ነው፤ ናፍጣ ወደ ሞተር የሚገፉትንና የሚረጩትን ፖምፓና ኖዝል በነጭ ጋዝ የማጥብ የ16 ዓመት ልጅ ሆኜ። የዚያን ዓመት ጥቅምት ዓረቦችና እስራኤል ሲዋጉ የዓረብ አገሮች ዘይታቸውን ያዙ፤ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ 12 ዶላር ገደማ ደረሰ። እኛ ግን ይህን ከየት ሰምተን? ቤንዚን ተወደደ ሲባል ብቻ ሰማን። የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ አስተማሪው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ተከታተለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዘይት ብቻውን መንግሥት አልጣለም፤ የወሎ ረሃብ ነበረ፣ የመሬት ጥያቄ ነበረ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የነዳጅ ዋጋ ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል።

ያኔ አሰብ ወደባችን ነበረች፤ ሶቪየቶች የሠሩልን ማጣሪያም እዚያው ነበር። ነዳጁን ከሚጭኑት ቦቴዎች ብዙዎቹ ከሚሌ ወደ አዋሽ ይታጠፉ ነበር፤ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጡት ግን ለእኛ በቂ ነበሩ። ደብረ ሲና ያድራሉ፤ ሲነጋ የጣርማ በርን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያጓሩ ይወጣሉ፤ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ሾልከው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ራዲያተራቸው ፈልቷል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ፍላት ነው። በ1989 ማጣሪያው ሥራ አቆመ፤ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ነዳጁ በጅቡቲ ሆነና ቦቴው ከእኛ መንገድ ጠፋ። ጎሚስታው፣ ምግብ ቤቱ፣ አልጋ የሚያከራየው ሁሉ ጉንጩን ይዞ ተቀመጠ። አንዳችንም ያጠፋነው ነገር አልነበረም።

አገራችን ይህን ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከአንኮበር ግርጌ አልዩ አምባን ሄዳችሁ ተመልከቱ። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣ የጭነት እንስሳት ቅፍለት የሚራገፍባት፣ ጨው፣ ጨርቅና ቡና የሚለዋወጥባት የሸዋ ትልቅ ገበያ ነበረች። አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ ባቡርም መጣ፤ ቅፍለቱ ቀረ። በቅሎ ግን አልጠፋም፤ ዛሬም መንዝ ውስጥ በበቅሎ የሚሄድ አለ። የጠፋው በበቅሎ ጭነት የሚኖረው ገበያ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ2016 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ምክንያቱ ጭሱ ብቻ አይደለም፤ ለነዳጅ በየዓመቱ የሚወጣው ዶላር ነው። ዶላር የለንም፣ ወንዝ ግን አለን፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ሌላው ዓለምም ወደዚያው እየሄደ ነው። ራሷ ዘይት ሻጭ የሆነችው ኖርዌይ ውስጥ በፈረንጆቹ 2024 ከተሸጡት 10 አዳዲስ አውቶሞቢሎች 9 ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። ዘይቱን ለሌላው እየሸጡ እነሱ በኤሌክትሪክ ይነዳሉ! ነጋዴ እንዲህ ነው።

የእኛ አገር አቀማመጥ ደግሞ ለዚህ ነገር የተፈጠረ ይመስለኛል። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚያስገባለት መሣሪያ የሌለው ናፍጣ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ አይሱዙ ጣርማ በር ላይ የሚተፋው ጥቁር ጭስ አየር አጥሮት ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ከፍታው አያደክመውም። ቁልቁለቱማ ሌላ ነው። ከዋሻው አፍ እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,500 ሜትር በላይ ይወረዳል። በናፍጣ መኪና ያ ሁሉ ጉልበት በፍሬን ሸራ ላይ እሳት ሆኖ ያልቃል፤ ስንቱን የተቃጠለ ሸራ ቀይሬያለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሲወርድ ሞተሩ ዲናሞ ይሆንና ባትሪውን ይሞላል። አንድ ወጣት ሾፌር ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቻርጁ ከጣርማ በሩ በልጦ ስላገኘው ተአምር መስሎት ደወለልኝ። "ሳቅህን ለመመለሻው አስቀምጥ" አልኩት። ሲመለስ ያንኑ ተራራ መውጣት አለበት፤ ስክሪኑ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይቀርሃል ሲለው ብዙ ጊዜ መጪውን አቀበት ሳይቆጥር ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ደብረ ብርሃን ሳይሞላ የሚወርድ፣ መብራት ቢጠፋስ ብሎ የማያስብ መንገድ ላይ ያድራል።

ናፍጣ ነገ ያልቃል የሚላችሁንም አትስሙ። ዓለም ዛሬም በቀን 100 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ዘይት ይጠቀማል። አውሮፕላኑ አለ፣ መርከቡ አለ፣ ፕላስቲኩ አለ። የኤሌክትሪክ መኪናው የሚሮጥበት አስፋልት ራሱ የድፍድፍ ዘይት ዝቃጭ ነው። የመንዝን በግ የሚያወርደው አይሱዙም ገና ብዙ ዓመት ይሠራል፤ አዲስ ባልገባ ቁጥር አሮጌው ይጠገናልና ለጊዜው ሥራው እንዲያውም ሊበዛ ይችላል። የበቅሎውን ነገር ያነሳሁት ለዚህ ነው። ናፍጣን እወቁት፣ ብሉበትም። በናፍጣ ላይ ግን ዕዳ አትግቡ። ዛሬ ተበድራችሁ የፖምፓ መሞከሪያ ማሽን ብትገዙ፣ ዕዳው ሳያልቅ ደንበኛው ሊያልቅ ይችላል። ያንን ልጅ አትበደር ያልኩት ከዚህ የተነሳ ነው። በእጁ ቁጠባ አሮጌ መፍቻ ገዝቶ ከሰው ጋራዥ ጥግ ቢለምን አልከለክለውም ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በ1998 ገደማ ኮምፒዩተር ያለው ናፍጣ መኪና ሲመጣ ናቅኩት። "ሞተር በጆሮ ነው የሚሰማው" እያልኩ ሠላሳ ዓመት ኖሬ ሽቦ ልማር? አንድ ቀን የአንድ ደንበኛ ፒክአፕ ሻንሲ ተሰንጥቆ ባትሪውን ሳልነቅል በየድኩት። ስጨርስ መኪናው አልነሳ አለ። ኖዝል ፈታሁ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አወረድኩ፤ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ረዳቴ፣ ያኔ 19 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ "ጋሼ፣ ብየዳው ኮምፒዩተሩን አቃጥሎት ይሆን?" አለኝ። እንዳለውም ሆነ። ኮምፒዩተሩን ከኪሴ ከፈልኩ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ሦስቱ ቀን ነው ያሳፈረኝ፤ ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠርጥሮ ኖሮ ፈርቶኝ ነው ዝም ያለው።

ስለዚህ ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ግዙ። ቮልት፣ አምፔርና ኦም ምን እንደሆኑ ከእንቅልፋችሁ ቀስቅሰው ቢጠይቋችሁ የምትመልሱ ሁኑ። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ብዙዎቹ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛሉ፣ ይህ የ12 ቮልቱ ባትሪ ብልጭታ አይደለም። ያለ ተገቢው ጓንት አትንኩ፤ የዋናውን ባትሪ ማቋረጫ ነቅላችሁም ኃይሉ እስኪረግብ ደቂቃዎች ጠብቁ። ዋናውን ባትሪ ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው አይክፈት፤ ከተቀጣጠለ በቀላሉ አይጠፋምና። የቀረው የምታውቁት ነው፦ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ መሪ፣ ፍሬን። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማውን ቶሎ ይበላዋል። ጎሚስታ አይራብም።

ዓይናችሁንም ከመኪና ላይ አንሡ። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ሽንኩርት የሚያለማውን ገበሬ እዩት። ቤንዚን በሊትር 100 ብር ባለፈበት ጊዜ ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ ውሎ፣ ማታ የውሃ ፓምፑን ለጥቂት ሰዓት ያስነሳል። ፀሐዩ እላዩ ላይ ነው። የሶላር ፓምፕ የሚተክልለት ሻጭ ሊያገኝ ይችላል፤ ሲበላሽ የሚጠግንለት ግን ከየት ያምጣ? እኔ ጉልበቱ ቢኖረኝ ዛሬ እዚያ ነበር የምሄደው።

ያ ልጅ ይህን ካነበበ፣ ሰኞ ጠዋት ብርዱ ሲለቅ ይምጣ። አንድ የተቃጠለ ዲናሞ አስቀምጬለታለሁ። ቴስተሩን ይዞ ይምጣ፤ የቱ ጋ እንደተቋረጠ እሱ ይንገረኝ፣ እኔ ቡናውን አፈላለሁ።