«አራቱም አንድ መልስ አላቸው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ ዘንድሮ ማትሪክ የተፈተንኩ የናቹራል ተማሪ። የሒሳብ ፈተና አልቆ ከአዳራሽ እንደወጣን፣ ገና ዶርም ሳንደርስ «ያቺን የሎግ (የሎጋሪዝም) ጥያቄ ምን አላችሁ?» ተባለ። አምስት ነን። ጥያቄዋ ሎግ ኤክስ ሲደመር ሎግ (ኤክስ ሲቀነስ 2) እኩል ይሆናል 3 ነበር፣ ቤዙ 2። እኔ 4 ብቻ የሚለውን አጠቆርኩ። አራቱም 4 እና ኔጌቲቭ 2 ነው አሉ። ሌላው ደግሞ 5 ሰዎች በአንድ ረድፍ ሲቆሙ ሁለቱ የግድ ጎን ለጎን ከሆኑ በስንት መንገድ ይቆማሉ የሚል ነበር። እኔና ሦስቱ 24 አልን፣ አንዷ ብቻ 48 ስላለች እሱን እንኳን አግኝቻለሁ ብዬ ቆጠርኩት። እንዲህ እያልን ስንሄድ የኔ ስህተት በዛ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግስቱ ፈተና ላይ ተቀምጬ አንዱን ጥያቄ ደጋግሜ ባነበው አልገባ አለኝ። አሁን ውጤት እየጠበቅኩ ነው። ወድቄ ይሆን? (ስሜ ይቆይ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪና መጀመሪያ ጥያቄዎቹን እንሥራቸው።

ቤዛቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሎጎች ሲደመሩ ውስጣቸው ይባዛል። ቤዙ 2 ስለሆነ ደግሞ በዚያ በኩል ያለው 3 ሎጉ ሲነሳ 2 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 8 ይሆናል። ስለዚህ ኤክስ ሲባዛ (ኤክስ ሲቀነስ 2) እኩል ይሆናል 8። ኳድራቲኩን ስትፈቺው 4 እና ኔጌቲቭ 2 ይወጣል። ጓደኞችሽ እዚህ ጋ ነው ያቆሙት። ግን ኔጌቲቭ 2ን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሰሽ ብታስገቢው ሎግ ውስጥ ኔጌቲቭ ቁጥር ይገባል፣ ያ ደግሞ አይሆንም። መልሱ 4 ብቻ ነው። አራቱም ተሳስተዋል፣ አንቺ አግኝተሽዋል።

ወደ ሰልፉ እንምጣ። የማይለያዩትን ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ቁጠሪያቸው፣ 4 ይሆናሉ፣ 4 ፋክቶሪያል (4×3×2×1) 24 ነው። ነገር ግን ሁለቱ እርስ በርስ ቦታ ሊቀያየሩ ይችላሉ፣ አንዴ ይቺ በግራ አንዴ ያቺ በግራ፣ ስለዚህ በ2 ይባዛል። 48። ብቻዋን የቀረችው ጓደኛሽ ናት ልክ።

አየሽ? ያገኘሽውን ስህተት፣ የሳትሽውን ልክ ብለሽ ቆጥረሻል። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቀሽ ቁጥር ራሱ የተሳሳተ ነው። እናንተ ያደረጋችሁት መልስ ማመሳከር ሳይሆን ድምፅ መስጠት ነው፣ የሒሳብ መልስ ደግሞ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም።

ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ላይ መገናኘቱ እኮ የሚጠበቅ ነው። የምርጫ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው የተሳሳቱትን አማራጮች ዝም ብሎ አይጽፋቸውም። ተማሪው የት ጋ ቸኩሎ እንደሚያቆም ያውቃል፣ እዚያ ጋ ያቆመ ተማሪ የሚያገኘውን ቁጥር ቢ ወይም ሲ ላይ ያስቀምጥለታል። ተማሪውም ቁጥሩን ሲያየው «አለ!» ብሎ አጥቁሮ ያልፋል። ደግሞ የአገሩን ውጤት እዪ። የ2015 ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ በአጠቃላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። ቁጥሩ የሁሉም ትምህርት ድምር ቢሆንም፣ ብዙዎች የተስማሙበትን መልስ ልክ ነው ብሎ መውሰድ እንደማያዋጣ ግን ይነግርሻል።

በፊደል ማመሳከርማ ጭራሽ አይሆንም። የፈተናው ቡክሌት ኮዱ የተለያየ ነው። የአንቺ ሲ የሷ ኤ ሊሆን ይችላል። «23 ቁጥርን ምን አልሽ?» ብሎ መጠየቅ ኮዳችሁ አንድ ካልሆነ ትርጉም የለውም።

ወድቄ ይሆን ላልሽው፣ ከሒሳብ ብቻ ተነስቶ ወድቀሻል ወይ አልፈሻል የሚልሽን ሰው አትስሚ። ናቹራል ላይ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ ተደምረው ከ600 ነው የሚታየው፣ ማለፊያው 300። ሒሳብ ዝቅ ቢልብሽ ባዮሎጂ ሊሸፍነው ይችላል። 300 ባይሞላም ለሬሜዲያል (ለአቅም ማሻሻያ ትምህርት) የሚቆረጠውን ነጥብ ያመጣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሌላ ዕድል ያገኛል።

እኔን ከሒሳቡ ይልቅ ያሳዘነኝ የማግስቱ ፈተና ነው። እሱ ላይ የጠፋው ነጥብ የእውነት የጠፋ ነው፣ የጠፋውም ሎግ ስላላወቅሽ አይደለም። ከ2015 መጀመሪያ ወዲህ ማትሪክ የሚሰጠው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፣ ስልክ የለም፣ የምትውዪውም የምታድሪውም ከተፈታኞች ጋር ነው። ወሬው ሁሉ ፈተና ነው፣ ሸሽተሽ የምትሄጂበት ቤትም የለም። ስለዚህ ከአንቺ በኋላ የሚፈተኑ እህትና ወንድሞችሽን ምከሪያቸው፦ ከመግባታቸው በፊት ከጓደኞቻቸው ጋር ይነጋገሩ፣ የመጨረሻው ፈተና እስኪያልቅ ድረስ ያለፈ ጥያቄ አይነሳ። አንዱ ካነሳ «በኋላ» ብሎ ወደ ሻወር መሄድ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ግን ማመሳከሩን እወደዋለሁ፣ አትፍሩት። አሞራ ገደል ዓሣችሁን ብሉና ተቀመጡ። «ምን አልሽ?» ሳይሆን «እንዴት ሠራሽው?» ተባባሉ። 48 ያለችው ልጅ ትሥራላችሁ፣ ሎጉን አንቺ ሥሪላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ፍሬሽማን ሒሳብ ላይ ሁለቱም ይጠቅሟችኋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከፈተና ሲመለስ ጎረቤታችን ያለው የሒሳብ መምህር ጋ ልኬ የሠራውን ላስገምተው አስቤያለሁ። ልጄ ግን ፊቱን አጠቆረብኝ። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እናቴ፣ ይተዉት። ልጅዎ የፈተናውን ወረቀት ይዞ አልወጣም፣ ለመምህሩ የሚነግረው ያስታወሰውን ብቻ ነው፣ ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው ያስቸገረውን ነው። ከዚያ ተነስቶ የሚገመት ውጤት ከእውነተኛው የከፋ ሊመስል ይችላል። ውጤቱ ይፋ ሲሆን አብራችሁ እዩት፣ ተሳስቷል የምትሉት ነገር ካለ በተባለው ቀን ውስጥ ቅሬታ አስገቡ። እስከዚያ ግን ይተኛ፣ ይብላ፣ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወት። መምህሩ ጋ መሄድ ከፈለገ ራሱ ይሂድ።