ልብ ሲደክም፣ ሳንባ ሲታመም መድኃኒቱ የት ይሄዳል? (ጥያቄና መልስ)

ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ልብና ሳንባ መድኃኒቶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ። መጠን የሚቀይረው ግን ሐኪማችሁ ነው።

ጥያቄ፦ የታመመው ልብ ነው። ጉበትና ኩላሊት ምን አገባቸው?

መልስ፦ ሁለቱም መድኃኒት የሚያስወግዱት ደም ሲደርሳቸው ነው። የደከመ ልብ ደግሞ በቂ ደም አይረጭም። በዚያ ላይ ወደ ልብ መመለስ ያቃተው ደም ጉበት ላይ ይጠራቀማል። እንደ ሊዶኬይን ያሉ መድኃኒቶችን ጉበት ባገኛቸው ቁጥር አብዛኛውን ይዞ ያስወግዳል፤ ስለዚህ የሚደርሰው ደም ሲቀንስ እነሱም ሰውነት ውስጥ ይቆያሉ። ሊዶኬይን ለተዘበራረቀ የልብ ምት በደም ሥር ሲሰጥ፣ የልብ ድካም ላለበት ሰው መጠኑ በግማሽ ገደማ የሚቀነሰው ለዚህ ነው። ካልተቀነሰ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለልቧ ዲጎክሲን ትወስዳለች። መጠኑ አልተቀየረም። ሰሞኑን ግን ምግብ አስጠላት፣ ያቅለሸልሻታል። ጨጓራ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ዲጎክሲን በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ግማሹ ለመውጣት ከ36 እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል። ኩላሊት መሥራት ካቆመ ወደ 4 እና 5 ቀን ሊደርስ ይችላል። ኪኒኑ ያው ነው፤ ግን የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረባል። ነገሮች ቢጫ ሆነው መታየት፣ የልብ ምት መዘበራረቅም የመብዛቱ ምልክቶች ናቸው። ውሃ የሚያሸናው ላሲክስም ካለ በደሟ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ያወርዳል፤ ፖታሲየም ሲወርድ ደግሞ ዲጎክሲን በትንሹም ይመርዛል። የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ይሠራላት።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ጀምራለች? ብዙ ጊዜ ጉዱ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። እነዚህ ማስታገሻዎች ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ኩላሊት የሚደርሰውንም ደም ይቀንሳሉ። የልብ ድካም ያለበት ሰው ባይነካቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ላሲክስ በኪኒን አልሠራ አለኝ። ሆስፒታል በመርፌ ሲሰጡኝ ወዲያው ሸናሁ። ኪኒኑ ፎርጅድ ነበር?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። እግር እንደሚያብጠው አንጀትም ያብጣል። ያኔ ኪኒኑ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ስለሆነ ኩላሊቱን የሚቀሰቅስ መጠን ላይ ሳይደርስ ይቀራል። መርፌው አንጀትን ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ ለሳንባው ቲኦፊሊን ይወስዳል። ሲጋራ ካቆመ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ የለውም። ሱሱ ነው መድኃኒቱ?

መልስ፦ እንቅልፉን ሱሱም ሊነሳው ይችላል። ከመንቀጥቀጡና ከልብ ምቱ ጋር ሳየው ግን እኔ መድኃኒቱን እጠረጥራለሁ። የሲጋራ ጭስ ቲኦፊሊንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ያበዛል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ሲያቆም ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ይቀንስና መድኃኒቱ ይጠራቀማል። በማያጨስ ጤነኛ አዋቂ ግማሹ በ8 ሰዓት ገደማ ይወገዳል፤ በአጫሽ በ4 ወይም 5 ሰዓት። የሳንባው ሕመም ልቡን ካደከመው ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። በዚህ ላይ እንደ ሲፕሮ ወይም ኤሪትሮማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ ከታዘዘለት የባሰ ይሆናል። ሲጨምርበት ያስመልሳል፣ እያንቀጠቀጠ ሰውን እስከ መጣል ይደርሳል። ስለዚህ ሳትዘገዩ ውሰዱት፣ ሲጋራ ማቆሙንም ተናገሩ። አባትህ ግን ወደ ሲጋራው እንዳይመለስ! መስተካከል ያለበት የኪኒኑ መጠን ነው።

ጥያቄ፦ ሳንባ ራሱ መድኃኒት ያስወጣል?

መልስ፦ አዎ። በትንፋሽ የሚሰጡ የኦፕራሲዮን ማደንዘዣዎች፣ ለምሳሌ አይሶፍሉሬን፣ በአብዛኛው በትንፋሽ ይወጣሉ።

ጥያቄ፦ የልብ ቫልቭ ችግር አለብኝ፣ ደሜ እንዳይረጋ ዋርፋሪን እወስዳለሁ። አሁን የቲቢ መድኃኒት ሊጀመርልኝ ነው።

መልስ፦ ጀምር፣ ግን ዋርፋሪን እንደምትወስድ ለቲቢ ክፍሉ አስቀድመህ ንገር። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ጉበትን ያፈጥነዋል፤ ዋርፋሪኑ ቶሎ ይወገድና ደምህ ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ መጠኑ ይጨመርልሃል፣ ደምህ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየው የአይኤንአር ምርመራም ይደጋገማል። ልብህ ከደከመና ጉበትህ ካበጠ ተቃራኒው ነው፤ በዚያው መጠን ትደማለህ። ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ክፍል ነው። የቲቢው ሕክምና ሲያልቅ ጉበቱ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል። የተጨመረው ዋርፋሪን ያኔ ካልተቀነሰ ድድህ ወይም አፍንጫህ መድማት ይጀምራል።